ጀልባ አሸዋ ላይ የሚያበረው ካስቱሎ

ከትልቁ ማዕበል በኋላ የመጣው ያ ጥቅምት እስካሁን ቆዳዬ ላይ አለ። ነፋስ የሚባል ነገር ጠፋ። ባሕሩ ለብ ብሎ፣ ከእሳት ላይ ወርዶ የተረሳ ሾርባ መስሎ ተኛ፤ እግር ስንነክርበት ውሃ መንካታችን አይታወቀንም ነበር። ያጠብነው ልብስ ገመድ ላይ ውሎ እንደ ረጠበ ይወርዳል። ዳቦ በአንድ ቀን ይሻግታል። ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ፣ እጁን አንጠልጥሎ፣ የሚነፍስ ነገር ይጠብቃል። ደስ ይል ነበር ልል ነው እንዴ? አዎ፣ ደስ ይል ነበር። ምናልባት ማዕበሉ ጣራችንን ትቶልን ስለሄደ ይሆናል።

ጎርፉ ከተራራው ያወረደው ሁሉ በደረቁ ወንዝ አፍ ወጥቶ ባሕሩ ላይ ተንሳፈፈ፤ የዘንባባ ግንድ፣ የማንጎ ቅርንጫፍ፣ የበረት አጥር፣ የማን ቤት እንደሆነ ያልታወቀ በር። ዳር ዳሩ ውሃው ወተት የገባበት ቡና መስሎ ደፈረሰ፤ ራቅ ብሎ ግን በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ሰማያዊው ይጀምራል። በዚያ መስመር ላይ፣ ከየግንዱ ሥር፣ ዶራዶ የምንለው ቢጫ ዓሣ ጥላ ፈልጎ ይሰበሰባል። ሌላ ዓመት የጀልባ ነጂዎቻችን ጠዋት ሲገናኙ "ዓሣው የት ነው?" ነው የሚባባሉት። ያን ጥቅምት "ግንድ አለህ?" ሆነ። ሩፊኖ የሚባለው ነጂ አንድ ደህና ግንድ አግኝቶ የራሱ መሆኑ እንዲታወቅ ካልሲውን አሰረበት፤ በማግስቱ ካልሲው ታጥቦ ሌላ ሰው ጀልባ ላይ እንዲደርቅ ተሰጥቶ ተገኘ። ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተናገረም።

እኔ የምኖረው በመስፋት ነው። መጋረጃ እሰፋለሁ፣ የተማሪ ሱሪ እሰፋለሁ፣ የጀልባ ድንኳን እጠግናለሁ፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን ባንዲራ ነው። ነጂዎቻችን እንግዶቻቸውን ዓሣ አስጠምደው ሲመለሱ፣ ገና ከሩቅ፣ ጀልባው ላይ ባለው ቀጭን ዘንግ ትንሽ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ቢጫ ለዶራዶ፣ ነጭ ለቱና፣ አረንጓዴ ለዋሁ፣ ሰማያዊ ደግሞ አፍንጫው እንደ ጦር ለሾለው ለማርሊን። ዓሣው ተይዞ የተለቀቀ ከሆነ ከሥሩ ትንሽ ቀይ ይጨመራል። ለጌጥ አይምሰላችሁ። ባሕር ዳር ያለችው ሴት ሁሉ ሥራዋን የምትጀምረው ባንዲራ አይታ ነው። ቢጫ ከሆነ ቢላ ይሳላል። ሰማያዊው ቀይ ከሌለበት ዓሣ አራጃችን ሳቱርኒና የጭስ ቤቷን ታቀጣጥላለች፤ ማርሊን እኛ ዘንድ በጭስ ነው የሚበላው፣ ግዙፍ ስለሆነም ጨው የገባበት ውሃ በገንዳ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። ያን ጥቅምት ቢጫ ጨርቅ አለቀብኝ። የባለቤቴን ቢጫ የዝናብ ካፖርት ቆርጬ ሰፋሁት፤ ሞቶ ስለነበር አልተቆጣኝም።

ልጽፍለት የተነሣሁት ሰው ካስቱሎ አጉንዴስ ነው። ካስቱሎና እኔ አጥር ለአጥር ነው ያደግነው። ልጅ ሳለን በድንጋይ ስንወራወር ኖረን፣ ኋላ የሴት ልጁ የክርስትና እናት ሆንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበልጅ ነንና አንቱ ተባባልን። የአገራችን ደንብ ነው። ግንባሬን በድንጋይ የፈነከተኝን ሰው አንቱ ማለት መጀመሪያ ሰሞን ሳቄን ያመጣው ነበር፤ በኋላ ለመድኩት፣ እንዲያውም ሌላ አጠራር ጠፋብኝ።

አባቱ በእጅ ገመድ ሻርክ የሚያጠምዱ ሰው ነበሩ። ባሕር ዳራችን ላይ የጎብኚዎች ሆቴል ሲሠራ ካስቱሎ ሻርኩን ትቶ እንግዳ ዓሣ ማስጠመድ ጀመረ። ጥሩ አጥማጅ ነበር ወይ? መካከለኛ ነበር። እውነቱን ልጻፍ፣ የሚበልጡት ነበሩ። ሩፊኖ ይበልጠው ነበር። ካስቱሎ ዓሣው ካለበት የሚደርሰው ሌሎቹ ደርሰው ሲጨርሱ ነው፤ አይጨነቅም፣ ለእንግዶቹ ያወራላቸዋል፣ ሎሚ ቆርጦ ጥሬ ቱና ያቀምሳቸዋል፣ ሳቅ አያልቅበትም። ስሙ የወጣው በማጥመድ አይደለም፣ በመመለስ ነው።

እኛ ዘንድ ወደብ የለም። ጀልባ የሚያርፈው አሸዋ ላይ ነው። ነጂው ሞገዱ ከሚሰበርበት ወዲያ ጥቂት ቆይቶ፣ ለሞተሩ እስከ ጥጉ ነዳጅ ይሰጥና ወደ ባሕር ዳሩ ይበራል። ልክ ውሃው ሊያልቅ ሲል ሞተሩን ከኋላ ያነሣዋል፤ ጀልባው በሆዱ አሸዋውን እየፈጨ ወጥቶ ይቆማል። አይቶ የማያውቅ ሰው አደጋ ደረሰ ብሎ ይጮኻል። እኛ ድምፁን ስንሰማ፣ ወሬያችንን እንኳ ሳናቋርጥ፣ ገለል እንላለን። ሌሎቹ ነጂዎች ቁጭ ብለው ነው የሚያወጡት። ካስቱሎ ቆሞ ነው። ባርኔጣውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሁለት ጀልባ መካከል በር በምታህል ክፍተት ገብቶ፣ ሳቱርኒና ዓሣ ከምታርድበት ጠረጴዛ ፊት ያቆመዋል።

"እግሯ ውሃ እንዳይነካ ብዬ ነው" ይል ነበር።

እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። አንዲት ሴትዮ ዓሣውን ትታ "እንደገና አውጣኝ" አለችው አሉ።

ሚስቱን ኦብዱሊያንም ያገኘው እንዲሁ ነው ይባላል። የእሷ ሰፈር ከእኛ ወደ ደቡብ ነው። ሊጠይቃት በጀልባ ሄደ። አባቷ አሸዋው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር፤ ካስቱሎ በርሮ መጥቶ ከወንበሩ እግር ክንድ ሲቀረው አቆመ። ሽማግሌውም ሳይነሡ "ይህ ሰው ወይ ይገድልሻል፣ ወይ ዕድሜ ልክሽን እንቅፋት አያገኝሽም" አሏት። እኔ አልነበርኩም። ኦብዱሊያ ስታወራው ግን አባቷን አስመስላ ነው።

እንግዲህ ወደዚያ ጥቅምት ልመለስ። በወሩ አጋማሽ ዋሁ መጣ። ዋሁ ረጅም፣ ጥርሱ እንደ መጋዝ የሆነ፣ ክሩን በጥሶ ማባበያውን ከነመንጠቆው ይዞ የሚሄድ ዓሣ ነው። ነጂዎቹ ይሰድቡታል፣ ይወዱታልም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የካስቱሎ ጀልባ ብቅ አለ፤ ዘንጉ ላይ ሰማያዊ ተሰቅሏል። ቀይ የለበትም።

"ማርሊን!" አለች ሳቱርኒና። እንጨቷን ከመረች፣ አነደደች። ሁለት ሴቶች ገንዳውን እየጎተቱ አመጡ፣ ጨው ፈሰሰበት፣ ውሃ ተቀዳ። ጀልባው እንደ ልማዱ በርሮ ወጣ፣ ጠረጴዛው ፊት ቆመ። ውስጡ ሁለት ዋሁ ተጋድመዋል።

"የት አለ?" አለችው።

"ምኑ?"

"ማርሊኑ ነዋ!"

ሩፊኖ ከጎን ጀልባውን ያጥብ ነበር። "ዶን ካስቱሎ፣ ማርሊኑ በመንገድ ሟሟብዎት እንዴ? ውሃው ሞቋል ሲባል ይህን ያህል መሆኑን አላወቅኩም።"

ካስቱሎ ቀና ብሎ ባንዲራውን አየ። ቆየበት። ከዚያ ሳቀና "መንቃታችሁን ልይ ብዬ ነው" አለ። "ሳቱርኒና ከትናንት ጀምሮ ታንቀላፋለች።"

"እኔ ነኝ የማንቀላፋ? ያን ሁሉ እንጨት አስፈጀኸኝ! ሥጋ ቢኖርህ አንተን ነበር አንጠልጥዬ የማጨስህ!"

ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። እሳቱ እንዳይባክን ዋሁውን አጨሱት፤ ደረቅ ስለሆነ ማንም አልወደደውም። ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ካስቱሎ ባንዲራውን አውርዶ ወደ ፀሐይ አደረገው፣ ወደ ጥላ አደረገው፣ አገላበጠው። ከዚያ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰማያዊውንም አረንጓዴውንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። አረንጓዴው ጥሬ ሎሚ ነው የሚመስለው። ከሰማያዊ ጋር የሚያምታታ ነገር የለውም።

በማግስቱ አገር ምድሩ ምሳ በልቶ በሚያሸልብበት ሰዓት መጣ። ብብቱ ሥር ባንዲራዎቹን ጠቅልሎ ይዟል።

"አበልጄ፣ አሉ?"

"አለሁ፣ ይግቡ። እዚህ ጥላው ላይ ይቀመጡ።"

"ጫፋቸው ላይ ቋጠሮ እንዲያደርጉልኝ ነው የመጣሁ።"

"የምን ቋጠሮ?"

"ለሰማያዊው አንድ፣ ለአረንጓዴው ሁለት። ቢጫው ይቅር። አይ፣ ለቢጫውም ሦስት ያድርጉለት። ነጩን እንዳለ ይተዉት።"

"ባንዲራ ነው የምሰፋው ወይስ መቁጠሪያ?"

አልሳቀም። "በጣቴ እንድለያቸው ነው" አለ።

መርፌዬን አስቀመጥኩ። "ዓይንዎ ምን ሆነ?"

"ግራው ሄዷል። ቀኙ ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው። በበር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኛለሁ። ቀለሙም ይጠፋብኛል፤ ባሕሩና ዛፉ አንድ ሆነውብኛል።"

"ሐኪምስ?"

"ላ ፓስ ከተማ ሄጄ ነበር። የዓይን ግፊት ነው አለኝ። ጠብታ ሰጠኝ። ጠብታው የቀረውን ይጠብቃል እንጂ የሄደውን አይመልስም አለ። በደንብም የሚጠብቅ አልመሰለኝም።"

"ኦብዱሊያስ?"

"ጠብታው ለአቧራ ነው ብያታለሁ።"

"አመነችዎት?"

"አንቱ ቢሆኑ ያምኑ ነበር?"

"አላምንም።"

"እንግዲያው እሷ ከአንቱ ትሻላለች" አለና ትንሽ ፈገግ አለ።

ከዚያ የልቡን ነገረኝ። በታኅሣሥ የባሕር ፈቃዱ ያልቃል። ለማሳደስ ከተማ ያለው የወደብ ሹም ቢሮ መሄድ አለ፤ እዚያ ያለው ሐኪም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፊደል ያስነብባል።

"ፊደሉን በቃልዎ ይያዙት" አልኩት።

"አስቤው ነበር። ሰሌዳውን ይቀያይሩታል አሉ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያ እስከ ታኅሣሥ ባሕር ላይ ልሁን። የዚያን ጊዜ ደግሞ አንድ መላ አላጣም። መሬት ላይ ምን እሠራለሁ አበልጄ? ቤት ስውል ኦብዱሊያ በጠረገች ቁጥር እግሬን አንሣ ትለኛለች። ሌላ ሥራ አላውቅም፣ መማርም አልፈልግ። ባሕሩን ብቻ አያስቀሩብኝ።"

ዓሣ የሚገኘው ወፍ ሲወርድበት ታይቶ ነውና፣ "ወፎቹንስ በምን ያያሉ?" አልኩት።

"እንግዶቹ ያዩልኛል። 'ወፍ! ወፍ!' እያሉ ይጮኻሉ፣ እኔ ወደጠቆሙበት እነዳለሁ። እኛው አገኘነው ብለው እንዴት ደስ እንደሚላቸው!"

"ሲወጡስ? አሸዋው ላይ?"

"እሱን በልቤ ነው የማደርገው። አሸዋ የትም አይሄድም።"

"ሰው ይሄዳል፣ አበልጄ።"

"ሰው ድምፅ ሲሰማ ገለል ይላል" አለ። ተነሣ።

ቋጠሮውን ሰፋሁለት። ትንንሽ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ነበሩ፤ ካልነኳቸው አይታወቁም። ከዚያ በኋላ የካስቱሎ ባንዲራ ተሳስቶ አያውቅም። ወሩ እስኪያልቅ ድረስ የሰቀለውና ያወጣው አንድ ነበር፤ ቢጫ ሰቅሎ ዶራዶ፣ ነጭ ሰቅሎ ቱና። የማያውቅ ሰው ምንም አልጠረጠረም።

ኅዳር ሲገባ የሰሜኑ ነፋስ መጣ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጠዋት ነቅተን ብርድ ልብስ እንፈልጋለን፣ ባሕሩም ነጭ ነጭ አበባ ያወጣል። ውሃው ቀዘቀዘ። ግንዶቹን ነፋሱ ወደ ደቡብ ነዳቸው፣ ዶራዶውም ተከትሏቸው ሄደ፤ የቀረው ትንሽ ትንሹ ነው። በምትኩ ጀርባው ባለ ዝንጉርጉር መስመር የሆነው ማርሊን ከቀዝቃዛው ውሃ ጋር ወረደ። እንግዶቹ ካፖርት ለብሰው ይሄዳሉ፣ ጨው ጠጥተው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። አብዛኞቹ ማርሊኑን ይለቁታል። እኔ ቀይ እሰፋ ጀመር።

ሌሎቹ ራቅ ወዳለው ጥልቅ ውሃ ሲሮጡ ካስቱሎ ዳር ዳሩን መያዝ ጀመረ። ከድንጋያማው ዳር አውራ ዶሮ የምንለው ዓሣ አለ፤ የጀርባው ክንፍ እንደ ዶሮ ጉትያ ቆሞ ውሃውን እየሰነጠቀ ሳርዲን ያባርራል። አይበላም፣ ግን ሲጎትት ክንድ ይገነጥላል፣ እንግዶች ይወዱታል።

"ዶን ካስቱሎ፣ ባሕሩ ጠለቀብዎት?" ይለዋል ሩፊኖ።

"እንግዶቼ ለምሳ መድረስ ይወዳሉ።"

"የማን ምሳ? የዓሣው?"

"ያንተ ሚስት የሠራችው ምሳ። አንተ ስትመለስ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ነው፣ ለምን ይባክናል?"

እኔ በመመለሻቸው ሰዓት ስፌቴን ይዤ ባሕር ዳር መቀመጥ ለመድኩ። ነፋሱ እዚያ ይሻላል እላለሁ። ካስቱሎ አሁንም ቆሞ ነው የሚያወጣው፤ ባርኔጣውን ግን በእጁ አይዝም፣ አገጩ ሥር በገመድ አስሮታል፣ ሁለት እጁም የሞተሩ እጀታ ላይ ነው። ኅዳር ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ከተራራው በላይ ዝቅ ብሎ ልክ ከባሕር በሚመለስ ሰው ፊት ላይ ይወርዳል። ደህና ዓይን ያለውንም ያጭበረብራል። ጀልባው የሚያርፍበት ቦታ ከጠረጴዛው ራቅ እያለ ሄደ። አንድ ቀን በጣም አልፎ ሲቆም ሳቱርኒና፣ "ዛሬ እግሬ ውሃ ቢነካ ምንም አይደል ማለት ነው?" አለችው። "ታጠቢበት" አላት።

የቅድስት ሴሲሊያ በዓል በኅዳር ማለቂያ ግድም ነው። የሙዚቀኞች በዓል ስለሆነ ጊታርና አኮርዲዮን ያለው ሁሉ ባሕር ዳር ይወጣል፣ ሰፈሩም ይከተላል። ያን ቀን ነፋሱ ከሰሜን ይገፋ ነበር። ጠዋት ሞገዱ የሳቱርኒናን ጠረጴዛ ስለነካው አንሥተው ወደ ላይ ወስደውት፣ በነበረበት ቦታ ለጥላ የሚሆን እንጨት ብቻ ተክለው ነበር። ጀልባዎቹ ያን ጊዜ ባሕር ላይ ናቸው። ካስቱሎ ይህን አላወቀም።

አንድ በአንድ ይመለሱ ጀመር። ሩፊኖ ወጣ። ሌላውም ወጣ። ነፋሱ የሞተሩን ድምፅ ወደ ደቡብ ይወስደዋል፣ አኮርዲዮኑም አለ፤ ሰዉ የሚገለለው ጀልባውን ካየ በኋላ ነበር፣ ያውም እየተሳሳቀ። የካስቱሎ ጀልባ መጣ። ሰማያዊ፣ ከሥሩ ቀይ። አብሮት ያለው በየዓመቱ በዚህ ወር የሚመጣ ዋረን የሚባል ሽማግሌ እንግዳ ነው።

ከሞገዱ ወዲያ ትንሽ ቆየ። ከዚያ የጀልባው አፍንጫ ሲነሣ አየሁ፤ ለሞተሩ ነዳጅ ሰጥቷል ማለት ነው። ግማሽ መንገድ ያህል በረረ። ድንገት አፍንጫው ወረደ። ሞተሩ ጠፋ።

ጀልባው ጎኑን ለሞገዱ ሰጥቶ ይወዛወዝ ጀመር። ሽማግሌው በሁለት እጁ ጠርዙን ያዘ።

"ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?" አለ ሩፊኖ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። "ዶን ካስቱሎ! ነዳጅ አለቀ?"

ካስቱሎ ቆሟል፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ እኛ ያያል። ኦብዱሊያ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውሃው ዳር ወረደች።

"ኦብዱሊያ!"

"አለሁ!"

"እዚያ የቆመው ማን ነው?"

"የቱ?"

"ጠረጴዛው ያለበት! ሰው ነው እንጨት?"

መጀመሪያ ጊታሩ ዝም አለ፣ ከዚያ አኮርዲዮኑ። ሁላችንም ዞረን አየን። የተተከለው እንጨት ነው። ሳቱርኒና ሽርጧን ሰቅላበታለች፣ ነፋሱ ያውለበልበዋል።

"እንጨት ነው!" አለች ኦብዱሊያ። ድምፅዋ ከእሱ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር። "እንጨት ነው ካስቱሎ! ሽርጥ ነው የተሰቀለበት!"

ራሱን ነቀነቀ፣ ሰምቷል። መንገዱ ባዶ ነበር። ሞተሩን አስነሥቶ ይመጣል ብለን ገለል አልን። እሱ ግን ሞተሩን ጨርሶ አነሣው። የፊቱን ገመድ ይዞ ወደ ውሃው ወረደ፤ ውሃው ደረቱ ድረስ መጣ። ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ጀልባውን ይጎትት ጀመር።

እንዲህ ሲያደርግ አይተነው አናውቅም። ሩፊኖ የበዓል ሸሚዙን እንደለበሰ ገባለት።

"ዶን ካስቱሎ፣ በቅሎዋ እምቢ አለች?"

"በቅሎዋ ደህና ናት። ነጂው ነው።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከሰኔ።"

"እኔ ደግሞ ዳር ዳሩን የያዙት ግንድ ደብቀው መስሎኝ ስከታተልዎት ከረምኩ።"

"ያን ካልሲህን ፍለጋ ነው የምትከታተለኝ። ግፋ አሁን፣ አታውራ።"

ሌሎችም ገቡ። ጀልባዋን አወጧት። ሽማግሌውን ደግፈው አወረዱት፤ ሰውዬው የገባውም ያልገባውም ይመስላል። የካስቱሎን እጅ ጨብጦ ቋንቋችንን እየሰባበረ "በሚመጣው ዓመት?" አለው።

"በሚመጣው ዓመት ሩፊኖ ያወጣዎታል" አለ ካስቱሎ። "እሱ ከእኔ ይሻላል። ለምሳ ግን አያደርስዎትም።"

ያን ያህል ነው። አኮርዲዮኑ እንደገና ጀመረ። ካስቱሎ እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጦ ሙዚቃውን ሰማ፣ ኦብዱሊያ አጠገቡ ተቀመጠች።

ሁለት ሦስት ቀን ቆይታ ኦብዱሊያ ቤቴ መጣች። እጇ ላይ ከካስቱሎ ባንዲራዎች አንዱ አለ፤ ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ በጣቷ ታሻሻለች።

"ይሄ ያንቺ ስፌት ነው" አለች።

"የእኔ ነው።"

"ጨውን ሳህኑ ላይ ሳይሆን ከሳህኑ ጎን ሲበትን ከግንቦት ጀምሮ እየጠረግኩ ነው። ሳህኑን ቀስ ብዬ ወደ እጁ አስጠጋለታለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽው?"

"ጠብታው ለአቧራ ነው አለኝ። አቧራ ነው ካለ አቧራ ነው፣ ምን ልበለው?" ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ባንዲራውን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች።

ካስቱሎ በታኅሣሥ ወደ ወደቡ ሹም አልሄደም። ፈቃዱ ያለቀበት ቀን እንደ ማንኛውም ቀን አለፈ። የብርዱን ወራት እኔ ቤት ጥላ ሥር እየመጣ ይቀመጥ ነበር። እኔ እሰፋለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። ጀልባ አሸዋውን እየፈጨ ሲወጣ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ አንዳንዴ ያገኘዋል፣ አንዳንዴ ይሳሳታል። ቀኝ እጁ ሳያውቀው ይጨብጥና ይፈታል።

አንድ ቀን ጠየቅኩት። "ያን ቀን ሞተሩን ለምን አጠፉት? ሌላ ቀን አያጠፉም ነበር።"

"መጀመሪያ እንጨት መሰለኝ" አለ። "ከዚያ ሲወዛወዝ ሰው መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ እንጨት። እሺ፣ እንጨት ነው ልበል ብዬ ሳስብ፣ የምመርጠው እኔ መሆኔን አየሁት። ሌላ ጊዜ አይቼ ነበር የማውቀው። ያን ቀን ግን እየመረጥኩ ነበር።"

"እንጨት ነበር እኮ።"

"እንጨት ነበር" አለ። "አውቃለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አላወራንም። የሰሜኑ ነፋስ ሲበርድ፣ መጋቢት ግድም መሰለኝ፣ ካስቱሎ የባሕሩን ድምፅ ብቻ መስማት ሰለቸኝ አለ። ሚራፍሎሬስ የምትባል መንደር ሎሚና ማንጎ የሚያለማ ታናሽ ወንድም አለው። ከባሕር ሩቅ ነው፣ ጠረኑም አይደርስም። ጀልባዋን ለሩፊኖ የእህት ልጅ ሰጧት፤ ቁጭ ብሎ ያወጣታል፣ አይከፋም። እቃቸውን በአንድ ፒክአፕ ጭነው ሲሄዱ ካስቱሎ ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ሹፌሩን "ቀስ በል፣ ጉድጓድ አለ" ሲለው ሰማሁ። ጉድጓድ አልነበረም፣ ሹፌሩ ግን ቀስ አለ።

ቀኝ ዓይኑም አሁን የሚያየው ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው ብላ ልጁ፣ የክርስትና ልጄ፣ በስልክ ነግራኛለች። ጤናው ሌላው ደህና ነው። ኦብዱሊያ ዶሮ ታረባለች።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ሳቱርኒና ሄዳ አይታቸዋለች። ካስቱሎ አጉንዴስ ከሚስቱ ጋር ሚራፍሎሬስ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ባለው መንገድ፣ በወንድሙ ቤት ይኖራል።